ቴራፒ የሚሠራው በምንድን ነው? ማሽኑስ አማርኛችንን ይሰማል?

በኮሎምበስ ከሐበሻ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ጋር ቡና በተጠጣ ቁጥር አንድ ንግግር እየተደጋገመ መጥቷል። «ቴራፒስት ጋ ሄጄ ምን ላድርግ? ማታ ለቻት ጂፒቲ እጽፍለታለሁ፤ ይመልስልኛል። ገንዘብ አይጠይቅ፣ ቀጠሮ አይል፣ ወሬ አያወጣ!» በቀልድ መልክ ይነገራል እንጂ ቀልድ አይደለም። ሰዎች የእውነት እያደረጉት ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ቀጠሮ ይርቃል። ኢንሹራንስ ያለው ሰው እንኳ የሚቀበለውን ቴራፒስት ፈልጎ ይሰለቻል። አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ሠርግና ለቅሶ ላይ የምንገናኘው ሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ላደገ ሰው፣ ሐሜት የማያውቅ ማሽን ቢማርከው ምን ይገርማል?

እኔ የምተዳደረው በሕክምና አስተርጓሚነት ነው። በሥራ ላይ የሰማሁትን አላወራም፤ ሙያዬ አይፈቅድም። ነገር ግን በሁለት ቋንቋዎች መካከል ቆሞ የሚውል ሰው አንድ ጥያቄ ከአእምሮው አይጠፋም፦ ለመሆኑ በቴራፒ ውስጥ ሰውን የሚያሽለው ነገር ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በላይ ምርምር ተደርጎበታል። ምርምሩን ሳነበው የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ማሽኑ ቦታ አለው፤ ግን ቦታው ከታካሚው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ሳይሆን ከአማካሪው ጎን ነው። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይህ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ከተማ ነው

ብዙዎቻችን በየቀኑ የምናልፍበት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1940 ወደ ኮሎምበስ መጥቶ እስከ 1945 ድረስ እዚህ አስተምሯል። እስከዚያ ዘመን ድረስ ቴራፒ የተዘጋ በር ነበር። ውስጥ የተባለውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ዓለም የሚሰማው ሐኪሙ በኋላ ከትዝታው የጻፈውን ነው።

ሮጀርስና በርናርድ ኮቭነር የተባለው ተማሪው ድምፅ መቅረጫ አስገቡ። የዚያን ጊዜው መቅረጫ በየጥቂት ደቂቃው ሸክላ የሚቀየርበት ነበር። በ1942 ሮጀርስ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አንድ ታካሚ ከአማካሪው ጋር ያደረጋቸው ስምንት ስብሰባዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቃል በቃል ወጡ። የታካሚው እውነተኛ ስም ተቀይሮ ነበር። ሙሉ ሕክምና በዚህ መልክ ለሕዝብ ሲታተም የመጀመሪያው ነው።

ቅጂው ሲሰማ ነገር ተገለጠ። ኢላያስ ፖርተር የተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቃላትን ቢቆጥር፣ «ይህን አድርግ፣ ያንን ተው» የሚሉት መሪ አማካሪዎች፣ አዳምጠው ከሚመልሱት አማካሪዎች ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ያወራሉ። ኮቭነር ደግሞ ከትዝታ የሚጻፍ ማስታወሻ ብዙ ነገር እንደሚጥል አሳየ። ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፦ አማካሪው የሚያደርገው የሚመስለውና የሚያደርገው ነገር አንድ አይደለም። ለማወቅ መቅረጽና መቁጠር ያስፈልጋል።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው?

ሮጀርስ ኮሎምበስን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1957 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ሰውን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ዘዴ ሳይሆን ግንኙነት ነው አለ፦ የሌላውን ስሜት ከውስጡ ሆኖ መረዳት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ከልብ መሆን። ከእሱ በፊት ሳውል ሮዘንዝዋይግ በ1936 ተቀራራቢ ነገር ጠርጥሮ ነበር። የተለያዩ የቴራፒ ዓይነቶች ውጤታቸው የሚመሳሰለው የጋራ የሆነ ነገር ስላላቸው ይሆናል ብሎ።

በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ቴራፒ ያገኘ አማካይ ሰው ካላገኙት ከመቶ 75ቱ በተሻለ ሁኔታ ላይ ሆኖ ተገኘ። በዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። በ2018 ደግሞ ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ 295 ጥናቶችን፣ ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ አዩ። በታካሚውና በአማካሪው መካከል ያለው መግባባትና የዓላማ አንድነት ሲጠነክር ውጤቱም ይሻላል። ዝምድናው መጠነኛ ነው፤ በውጤት ላይ ከሚታየው ልዩነት ስምንት ከመቶ ገደማ ነው የሚያያዘው። ነገር ግን በየዓይነቱ፣ በየአገሩ የሚደጋገም ነው።

ይህ ማለት ዘዴ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በዚሁ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ስትራንክና ባልደረቦቹ በ2015 ባወጡት ጥናት ድብርት ያለባቸውን 55 ሰዎች ሕክምና ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተከታተሉ። ቴራፒስቱ «ለዚህ ሐሳብህ ማስረጃው ምንድን ነው? በሌላ መንገድ ሊታይ ይችላል ወይ?» እያለ ታካሚው ራሱ መልስ እንዲያገኝ በጠየቀ መጠን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የድብርቱ ምልክት ቀንሶ ይታይ ነበር። ይህ ከመግባባቱ በተጨማሪ ነው። በቃ፣ ጥሩ አማካሪ ትከሻ ብቻ አይደለም፤ በደንብ የሚጠይቅም ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰውየው ራሱ ነው። ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ አቴንስ በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ባለው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ቲሞቲ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2009 አንድ ብልህ ጥናት አወጡ። 25 ቴራፒስቶችን አስቸጋሪ ታካሚዎችን በቪዲዮ አሳይተው «ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። የሚቆጣ፣ የሚነዘንዝ፣ ጭራሽ የማይናገር ታካሚ ነው። ከዚያ መልሳቸውን ከ1,141 እውነተኛ ታካሚዎቻቸው ውጤት ጋር አነጻጸሩ። በአስቸጋሪው ሰዓት ሙቀት፣ መረዳትና ተስፋ ማሳየት የቻሉት የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ነው። በ2005 በወጣ የሚካኤል ላምበርት ቡድን ጥናት ቴራፒስቶች ከ550 ታካሚዎች መካከል የትኞቹ እየባሰባቸው እንደሚሄድ እንዲገምቱ ተጠየቁ። የባሰባቸው 40 ነበሩ። ቴራፒስቶቹ የገመቱት 3 ብቻ ነው፤ ከሦስቱም ልክ የሆነው አንዱ ነው! በየስብሰባው ታካሚው የሚሞላውን አጭር መጠይቅ የሚያሰላው ቀመር ግን አብዛኞቹን ለይቶ አወጣ። ሰው ጥሩ አዳማጭ ነው፤ ጥሩ ቆጣሪ ግን አይደለም።

ማሽኑ የት ይገባል?

ማሽን ቴራፒስት ሲመስል የመጀመሪያው አይደለም። በ1966 የኤምአይቲው ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኢላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። በጣም የታወቀው የፕሮግራሙ ስክሪፕት ሌላ ሰው ሳይሆን የኮሎምበሱን የሮጀርስን ዓይነት ቴራፒስት ነበር የሚኮርጀው። «አዝኛለሁ» ብትሉት «በማዘንህ አዝናለሁ» ይላል፤ የራሳችሁን ቃል ገልብጦ ይመልሳል። ምንም የሚገባው ነገር የለም። ሆኖም የዋይዘንባውም ጸሐፊ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች ሴት፣ ጥቂት እንደተጻጻፈች «እባክህ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አለችው። ሰውየው በዚህ እጅግ ተረብሾ በ1976 ስለ ኮምፒዩተር ወሰን መጽሐፍ ጻፈ። ሰው የሚያዳምጠው ሲያጣ፣ ያዳመጠው ለመሰለው ነገር ሁሉ ሆዱን ይከፍታል ማለት ነው።

የዛሬው ማሽን ግን ኢላይዛ አይደለም፤ ይህንን መካድ አይገባም። በመጋቢት 2025 የዳርትማውዝ ተመራማሪዎች «ቴራቦት» ስለሚባለው ቻትቦት ጥናት አወጡ። በ210 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ቻትቦቱን የተጠቀሙት ድብርት ያለባቸው ሰዎች ምልክታቸው በአማካይ 51 ከመቶ ቀነሰ። ከማሽኑ ጋር ያላቸውን መግባባትም ከሰው ቴራፒስት ጋር በሚቀራረብ ደረጃ መዘኑት። ትልቅ ዜና ነው። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ፦ የተወዳደረው ከሰው ቴራፒስት ጋር ሳይሆን ወረፋ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነው። ለዚሁ ተብሎ በባለሙያዎች ዓመታት የተሠራ እንጂ ማንም የሚያወርደው ቻት ጂፒቲ አይደለም። ንግግሩንም ሰዎች ይከታተሉት ነበር። አደጋ ሲመጣ ሰው ነበረ።

ማሽኑ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በጽሑፍ ከሚሰጥ የቴራፒ አገልግሎት የ17,572 ታካሚዎች 90,934 ስብሰባዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተተንትነው ነበር። በሥራው ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋ፣ ወደፊት የሚያቅድ፣ የታካሚውን ጥረት የሚያደንቅ ቴራፒስት የተሻለ ውጤት አለው። ከጉዳዩ ውጪ ያለ ወሬ ሲበዛ ውጤቱ ይቀንሳል። ፖርተር በእጁ ይቆጥር የነበረውን ማሽኑ በዘጠና ሺህ ስብሰባ ላይ ቆጠረው። የሰውን ድክመት፣ ማለትም መቁጠር አለመቻሉንና የሚብስበትን ታካሚ አለማየቱን፣ የሚሸፍነው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

የኢሊኖይ ግዛት በነሐሴ 2025 ያወጣው ሕግም ወደዚሁ ያደላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ቴራፒ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ግን ለአስተዳደርና ለድጋፍ ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል።

በአማርኛ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ከላይ የዘረዘርኳቸው ማሽን ነክ ጥናቶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። እኛ ደግሞ ሲከፋን የምንናገረው በእንግሊዝኛ አይደለም። ዶክትሬቱን እዚህ የሠራ ሰው እንኳ ሲጨንቀው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚለው። «ሆዴ ባሰኝ» የሚል ሰው ሆዱን አላመመውም። «አንጀቴ ቆረጠ» ያለ ሰው ተስፋ ቆርጧል እንጂ ቁርጠት የለበትም።

ከዚህ የባሰው የሞት ቋንቋችን ነው። እኛ በሞት እንወዳለን። ጉርሻ ስናጎርስ «በሞቴ» እንላለን። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። ቃል በቃል የሚተረጉም ማሽን እናት ልጇን «በሞቴ ብላልኝ» ስትል ደንግጦ የአደጋ ስልክ ሊሰጣት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የእውነቱ አደጋ ብዙ ጊዜ ሞት የሚል ቃል የለውም። «ደክሞኛል፤ አሁንስ ይብቃኝ። ልጆቹን አደራ» ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሐበሻ ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ አይተኛም። ማሽኑ ይሰማዋል ወይ? «ጥሩ ዕረፍት ያስፈልግሃል» ብሎ ቢያልፈውስ?

አክብሮትም አለ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ፆታና ማዕረግ ይሸከማል። ስድሳ ዓመት የሞላቸውን እናት «አንተ» ብሎ የሚጀምር ማሽን፣ ያ በ295 ጥናት ዋጋው የታየ መግባባት በአንድ ፊደል ፈረሰበት ማለት ነው።

የደኅንነት አጥሩም በሁሉም ቋንቋ እኩል አይደለም። በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጂፒቲ 4 የተከለከሉ ጥያቄዎችን እንደ ዙሉና ስኮትላንድ ጌሊክ ወደመሳሰሉ በኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ ወደሚያንሳቸው ቋንቋዎች ተርጉመው አቀረቡ። በእነዚህ ቋንቋዎች እየሞከሩ ከመቶ 79 ያህሉን ጥያቄ አጥሩን ማሳለፍ ቻሉ። ሞዴሎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም፦ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያለፈ ማሽን በአማርኛ አልፏል ማለት አይቻልም።

«ወሬ አያወጣም» ለሚለውም አንድ ቃል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ፣ ፈቃድ ላለው ቴራፒስት የተነገረ ምስጢር በፌዴራል ፍርድ ቤት የተጠበቀ ነው። ለቻትቦት የተጻፈው ይህ ጥበቃ የለውም፤ የኦፕን ኤአይ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳም አልትማን ራሱ በሐምሌ 2025 በአንድ ፖድካስት ላይ ይህንኑ ተናግሯል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የፍቺ ወይም የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ያለበት ሰው ይህን ሳያስብ ባይጽፍ ይሻላል።

ያለን አማራጭ ምንድን ነው?

«ባለሙያ የለንም፤ ማሽኑን ደግሞ አትጠቀሙ አልክ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ችግሩ እውነት ነው። ኃይሌ ፈንታና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረጉት ጥናት ከመቶ 9.8ቱ በሕይወታቸው ውስጥ ድብርት ደርሶባቸዋል። ይህ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገመተው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል ወደ ሕክምና ባለሙያ የሄዱት ግን 12.5 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በአብዛኛው ወደ ቤተሰብ ሐኪም ነው የሄዱት። ከስደት ጋር የመጣ ሸክም ነው፤ የሚያራግፈው ጠፍቶ በየቤቱ ተቀምጧል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች።

መፍትሔው ግን በሁለት ጫፍ፣ ወይ ውድ ሐኪም ወይ ነፃ ማሽን፣ ብቻ አይደለም። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ችግርን አንድ በአንድ እየፈቱ የሚያወያዩ ናቸው። በ2016 በወጣው፣ በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበረባቸው 14 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በተለመደው አገልግሎት ከታዩት ግን 50 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በአገራችንም በሶዶ ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች በተሳተፉበት፣ በ2022 በወጣ ጥናት፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲደግፏቸው ከ12 ወር በኋላ የዕለት ተዕለት ኑሮአቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። እነዚህ ሠራተኞች ሐኪም አይደሉም። የሰው ቋንቋና የሰው ችግር የሚያውቁ፣ የተወሰነ ዘዴ የተማሩና የሚከታተላቸው ባለሙያ ያላቸው ናቸው። ከላይ ያልናቸው ነገሮች ሁሉ፣ መግባባቱ፣ ዘዴውና ክትትሉ፣ እዚያ ውስጥ አሉ።

በኮሎምበስ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሰው አለን። የእድር ልምድ አለን። እንደ ኢትዮጵያ ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ ያሉ ስደተኞችን ለዓመታት ያገለገሉ ድርጅቶች አሉ። ነርሶች፣ ሶሻል ወርከሮች፣ የዳታ ባለሙያዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አሉን። እንደ እኔ እምነት ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ የሰፈር አማካሪዎችን ፈቃድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር ማሠልጠን፤ እንደ አንደርሰን በአስቸጋሪ ሁኔታዎች ቪዲዮ ማለማመድ፣ ማሽኑም እንደ ታካሚ ሆኖ መለማመጃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በየስብሰባው አጭር መጠይቅ በአማርኛ ማስሞላትና የሚብስበትን ሰው ቶሎ የሚያሳይ ቀመር መጠቀም። ሦስተኛ፣ በታካሚው ሙሉ ፈቃድ፣ ስም ተሰውሮ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከአማኑኤል ሆስፒታል ባለሙያዎች ጋር ተባብሮ፣ በአማርኛ የሚካሄድ ምክር ምን እንደሚመስል ማጥናት። ሮጀርስ በ1942 ያደረገው እኮ ይኸው ነው። ማንም ኩባንያ «በአማርኛ ቴራፒ የሚሰጥ ማሽን» ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ «በአማርኛ በስንት ሰው ላይ ተፈተነ? አደጋ ሲመጣ ማን ይደውላል?» ብለን መጠየቅ የምንችለውም ያኔ ነው።

እስከዚያው ለአንባቢ የምለው አጭር ነው። ማታ ማሽኑን መጠቀም ከፈለጋችሁ እንደ ማስታወሻ ደብተር ተጠቀሙበት፤ ሐሳባችሁን ለማስተካከል፣ ለቴራፒስት የምትሉትን ለማዘጋጀት። ቴራፒስት ስትመርጡ «መሻሻሌን በምን ትለካለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሦስት አራት ስብሰባ በኋላ እንዳልተረዳችሁ ከተሰማችሁ ንገሩት፤ ካልተለወጠ ቀይሩት፣ ነውር የለውም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። «ይብቃኝ» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ለማሽን አይጻፍ። በአሜሪካ 988 ይደውል፤ እንግሊዝኛ ካስቸገረው አስተርጓሚ ይጠይቅ። ከዚያም የሚያምነውን አንድ ሰው ይጥራ። «ልጆቹን አደራ» ሲባል ደንግጦ ጫማውን ሳያስር የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።